ዐረብኛ የማላውቅበት ሰሞን

ከወሎ ካርቱም ገብቼ ስድስተኛ ዓመቴ ነበር። ማንሺያ በሚባል ሰፈር በቤት ሠራተኝነት የማገለግላቸው ሰው ጋዜጣ ላይ ይጽፋሉ፤ ሁሉም «ኡስታዝ»፣ መምህር እንደማለት ነው፣ ይላቸዋል፤ እኔም እንደዚያው። አንድ ቀን የጽሑፋቸው ቦታ ነጭ ሆኖ ታተመ። ከዚያ ጭራሽ እንዳይጽፉ ተከለከሉ።

በየጠዋቱ ደኅንነት ቢሮ ይጠሯቸዋል። ማንም ምንም ሳይጠይቃቸው አግዳሚ ላይ ይውሉና ማታ «ነገ ተመለስ» ይባላሉ። ምሳ ብቋጥርላቸው እንዳለ መለሱት። መብላት አይፈቀድም ነበር።

በዚያው ሰሞን ኢቃማዬን፣ የመኖሪያ ፈቃዴን ማለት ነው፣ ላሳድስ ሄድኩ። ወረቀቴ ላይ የኡስታዝን ስም አዩና ወደ ውስጥ አስገቡኝ። ሲቪል የለበሰ ሰው ሻይ አዘዘልኝ።

«እዚያ ቤት እነማን ይመጣሉ? ምን ያወራሉ?» አለኝ በዐረብኛ።

በዐረብኛ ከሥጋ ሻጭ ጋር የምከራከር ሰው ነኝ። እንዴት እንደመጣልኝ እንጃ፣ «አና ሐበሺያ፣ ዐረቢ ማፊ» አልኩት። ሐበሻ ነኝ፣ ዐረብኛ የለኝም ማለቴ ነው።

አልተቆጣም። ወረቀቴን መሳቢያ ውስጥ ከተተና ቀስ እያለ፣ «ዐረብኛውን ስትለምጂ መጥተሽ ትወስጂዋለሽ» አለኝ።

ማታ ለኡስታዝ ነገርኳቸው።

«ልጄ፣ ንገሪያቸው» አሉኝ። «ማን እንደሚመጣ ያውቃሉ። ያንቺ ወረቀት ይበልጣል።»

«ካወቁ እኔን ለምን ይጠይቁኛል?»

«ከአንቺ አፍ እንዲወጣ ነው የሚፈልጉት።»

«እንግዲያው አይወጣም» አልኳቸው።

ሰባት ወር ያለ ወረቀት ኖርኩ። ዓርብ ዓርብ ዴም ሰፈር ወርጄ ከአገሬ ልጆች ጋር መጫወት ቀረ፤ ፖሊስ ሚኒባስ አስቁሞ ወረቀት የሌለውን ያወርድ ነበርና። የማላውቀው ሰው በር ባንኳኳ ቁጥር ዐረብኛዬን አሰባብረው ነበር። ከመሰልቸት ይሁን ከፍርሃት፣ ማታ ማታ ራሴን ያመኝ ጀመር።

ኡስታዝ ዘንድ ይመጡ የነበሩት እንግዶችም አንድ በአንድ ቀሩ። አንድ ሽማግሌ ሐኪም ብቻ ሳይቀሩ ይመጡ ነበር፤ እሳቸውም ስለ ጉልበታቸው ሕመም ነበር የሚያወሩት።

አንድ ጠዋት ኡስታዝ ደኅንነት ቢሮ «ከእንግዲህ አትምጣ» ተባሉ። ምክንያቱን የነገራቸው የለም። በወሩ ቤተሰቡን ይዘው ካይሮ ለመሄድ ወሰኑ። ወረቀቴ ከመሳቢያው አልወጣም፤ የአጎታቸው ልጅ ዋስ ሆኖኝ አዲስ አወጣሁ።

መጻሕፍታቸውን በካርቶን የከተትኩት እኔ ነኝ። ዐረብኛ ማንበብ በእውነትም ስለማልችል ትልቁን ከትልቁ፣ ትንሹን ከትንሹ አስቀመጥኩት። ኡስታዝ አዩና ፈገግ አሉ። «እንዲሁ ይሁን» ብለው የካርቶኑን ክዳን ራሳቸው በገመድ አሰሩት።