ጤፍ ውስጥ ሦስት ቀን ያደረ ስልክ

በእኛ አገር ጠላ የሚቀዳ ሰው ለእንግዳ ከማቅረቡ በፊት መዳፉ ላይ ጠብ አድርጎ ይቀምሳል። ለምን እንደሆነ ስጠይቅ ትልልቆቹ «ሰው እንዲያምን ነው» ይሉኝ ነበር። እኔ ግን ከልጅነቴ ጀምሮ ስቀምስ የኖርኩት ስለሚጣፍጠኝ ነው። ቅምሻዬ ትንሽ በዛ ያለ ነበር፤ ቢሆንም ሠርግ ያለበትም ተዝካር ያለበትም ለመቅዳት የሚጠራው እኔን ነው። እጇ ጠብታ አያፈስም ይሉኛል። ይህችን ሙገሳ ይዤ ነው ዐረብ አገር የሄድኩት።

ስድስት ዓመት ሰው ቤት ሠርቼ ስመለስ እናቴ አልጠበቀችኝም። ለቀብሯ አልደረስኩም፤ የደረስኩት ለአርባዋ ነው። ቤታችን ከጋፋት ወዲህ፣ ከደብረ ታቦር በእግር ከሚኬድበት ቦታ ስለሆነ የከተማውም የገጠሩም ዘመድ ተሰብስቦ ነበር። እኔም እንደ ድሮዬ ቅጂ ተባልኩ። በቀኝ እጄ ማንቆርቆሪያውን፣ በግራዬ ስልኬን ይዣለሁ። ዐረብ አገር የቀሩት ጓደኞቼ ሊያጽናኑኝ እየደወሉ ስለነበር ስልኩን ከእጄ አላስቀመጥኩትም።

ዳሱ መግቢያ ላይ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ዋንጫቸውን ዘርግተው፣ «ቅመሽ እንጂ ልጄ! ዐረብ አገር ወጉን አስረሳሽ?» አሉኝ። ሰው ሁሉ ዞር አለ። ከሁሉ በላይ የምጠላው ወግ ረሳች መባልን ነው። እፍረት ሲይዘኝ ደግሞ እቸኩላለሁ። ማንቆርቆሪያውን ወደ ግራ መዳፌ ዘንበል አደረግሁት። መዳፌ ላይ ያለው ስልኬ መሆኑ ትዝ ያለኝ ጠላው በክርኔ መውረድ ሲጀምር ነው።

ሳቁብኝ። በሌላ ቀን ቢሆን እኔም እስቅ ነበር፤ ግን እናቴ እዚያ ስልክ ውስጥ ነበረች። ስድስቱን ዓመት ሙሉ የላከችልኝ የድምፅ መልእክት አንድ ሳይቀር ያለው እሱ ላይ ነው። ማታ ማታ እሳት ዳር ሆና ትቀዳዋለች፤ ኔትወርክ ሲገኝ ይላካል። ሁልጊዜ የምትጀምረው ድሮ ደብዳቤ በሚጻፍበት አኳኋን ነው፦ «እንደምን ከርመሻል? እኔ ካንቺ ናፍቆት በስተቀር ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን።» ከዚያ ቦራዋ ላም መውለዷን፣ ገብሱ ማሸቱን፣ ማን ማንን እንዳገባ ትነግረኛለች። መጨረሻ ላይ «አገሩ ይበርዳል ወይ? ጋቢ ልላክልሽ?» ትላለች። እኔ በሙቀት ልቀልጥ ደርሻለሁ። ስንቴ ብነግራት ሙቀት ብቻ ያለበት አገር አለ ብላ አላመነችኝም። የሰው ሰሃን እያጠብኩ አንዱን መልእክት አሥር ጊዜ እሰማው ነበር። አንዳንዴ ያ ማጠቢያ ይናፍቀኛል፤ ያኔ እናቴ ነበረችኛ። መልእክቶቹን ወደ ሌላ ቦታ መገልበጥ እንዳለብኝ አውቅ ነበር። ዛሬ ነገ እያልኩ ሳልገለብጣቸው ቀረሁ።

ስልኩ ብልጭ ብሎ ጠፋ። ለታመመ ሰው ሁሉም ሐኪም እንደሚሆነው ለስልኬም ዳሱ ሙሉ ሐኪም ተገኘለት። አንዱ ተቀብሎ አራገፈው። ሌላው «ቻርጅ ላይ ሰኩት፣ ሲሞቅ ይደርቃል» አለ፤ እሱንስ ከእጁ ነጠቅሁት። እንደኔው ከዐረብ አገር የተመለሰች ጎረቤታችን «እመቤቴ ስልኳ ውሃ ሲገባበት ሩዝ ውስጥ ትቀብረው ነበር» አለች። እውነቷን ነው፣ እኔም ሲደረግ አይቻለሁ። ግን እኛ ቤት ሩዝ የለም። ፎገራ ወርዶ ሩዝ የሚያመጣ ሰው በዚያ ሰዓት ከየት ይገኛል?

ይሄኔ አባቴ ከተቀመጡበት ተነሡ። «ሩዝ ቢጠፋ ጤፍ ጠፋ?» አሉ። «ሩዝ ፍሬው ድብልብል ነው፣ ምን ይሰበስባል? ጤፍ ደቃቅ ናት። ከገባችበት ገብታ እርጥቡን ለቅማ ታወጣዋለች።» እውነቱን ለመናገር እኔም አመንኳቸው፤ እህል ነክ ነገር ላይ አባቴ ተሳስተው አያውቁም። ለዘር ያስቀመጡትን ነጭ ጤፍ ቁና ሙሉ ሰፍረው አመጡና ስልኩን በእጃቸው ቀበሩት። «ሦስት ቀን ይደር፣ በሥላሴ ስም» ብለው ቁናውን ሙቀት እንዲያገኘው እሳት አጠገብ አኖሩት።

በሦስተኛው ቀን አወጣሁት። ጤፏ ከገባችበት ገብታ ነበር፤ መውጫውን ግን አላወቀችውም። የቻርጅ ማስገቢያው ጢም ብሏል። የድምፅ ማውጫው ቀዳዳዎች አንድ ባንድ ተደፍነዋል። ሁሉም በጠላው ተቦክቶ እንደ ጭቃ ተለጥፏል። ቻርጀሩን ብገፋው አልገባ አለ። አባቴ ቆመው ያዩኛል። እኔ ስናደድ ምላሴ ከልቤ ይቀድማል። «እማዬን ሁለተኛ ቀበሯት!» አልኳቸው።

ጋቢያቸውን ደርበው ዱላቸውን አነሡና፣ «በይ ነይ፣ ከተማ ሠሪ አይጠፋም» አሉኝ። ደብረ ታቦር እስክንደርስ እሳቸው ከፊት፣ እኔ ከኋላ ሆነን ተጓዝን። ይቅርታ ልላቸው አፌን ስከፍትና ስዘጋ ነበር። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል፤ ያን ቀን መንገዱን ሙሉ ገባኝ።

ስልክ ሠሪው የኔ እኩያ የሚሆን ሰው ነው። ስልኩን በአጉሊ መነጽር አየና ቀና ብሎ አየኝ። «እኅቴ፣ የመጣሽው ለጥገና ነው ለአጨዳ? አንዷማ በቅላለች እኮ!» አለ። እውነትም ከቻርጅ ማስገቢያው ክር የምታህል ነጭ ቡቃያ ብቅ ብላለች። መሳቅም ማልቀስም አቃተኝ።

ፈትቶ መጀመሪያ ባትሪውን አላቀቀ። ሩዝም ሆነ ጤፍ ምንም እንደማይፈይድ፣ ወዲያው አጥፍቶ ወደ ሠሪ ማምጣት እንደሚሻል እየነገረኝ ቦርዱን በአልኮልና በጥርስ ብሩሽ ማጠብ ጀመረ። «ውሃ ቢሆን ይደርቅ ነበር። ጠላ ግን ይደርቅና አተላውን ይተዋል» አለ። ከዚያ ጤፉን በመርፌ ጫፍ አንድ ባንድ እየለቀመ አወጣው። አባቴ አግዳሚው ላይ ተቀምጠው ነበር። የወደቀችውን ፍሬ ሁሉ ጎንበስ እያሉ በጣታቸው አነሷት፤ እህል አይረገጥም። አንጀቴን በሉት።

ብዙ ቆይቶ ስክሪኑ በራ። «ተነሥቷል፣ ግን አትመኚው። የምትፈልጊውን አሁኑኑ እናውጣ» አለና መልእክቶቹን ሚሞሪ ካርድ ላይ ገለበጠልኝ። አንድም አልጎደለም። እግዚአብሔር ይስጥህ እያልኩ ሳልጨርስ፣ «ድምፁ መሥራቱን እንየው» ብሎ እጁ ያገኘውን አንዱን መልእክት ከፈተው።

«እንደምን ከርመሻል?» አለች እናቴ። ድምፁ ትንሽ ሻክሯል፤ አንዳንድ ጤፍ ቀርቶ መሰለኝ። ግን እሷ ነበረች። የእሳቱ መንጣጣት ይሰማል፣ የአባቴም ሳል ይሰማል። አባቴ በስልክ አናግረውኝ አያውቁም። ስሄድ አልመረቁኝም ነበር፤ አኩርፈው ነበር። ይህን መልእክት ደግሞ ደጋግሜ ስለሰማሁት ቀጥሎ የሚመጣውን አውቀዋለሁ። እንዳይሰሙት ልዘጋው እጄን ሰደድኩ፤ አልደረስኩም።

«ኧረ አንቱ!» ብላ ጮኸች እናቴ በስልኩ ውስጥ። «ልጅዎ እኮ ናት! ይምጡና አንድ ቃል ይበሏት!»

«አቤት» አሉ አባቴ።

ብድግ ብለው ነበር። ጋቢያቸው ከትከሻቸው ወርዷል፤ ዓይናቸው ስልኩ ላይ ተተክሏል። እናቴ ግን አልጠበቀቻቸውም። «ዝም አሉኮ። በይ እንግዲህ ደህና ሁኚልኝ» ብላ ዘጋችው። ሠሪው ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። እኔ ሄጄ ጉልበታቸውን ስሜ «ይቅር ይበሉኝ» አልኳቸው። የሰሙኝም አልመሰለኝ። እጃቸውን ራሴ ላይ አሳርፈው የሚያነጋግሩት ሠሪውን ነው።

«እስቲ መልሳት ልጄ» አሉት። «ፈጥና ሄደችብኝ።»

መለሳት። በሁለተኛው ግን ጠርታቸው ሳትጨርስ «አቤት» አሏት።