«ገባን» ያሉት ሠላሳ አንድ ልጆች

በቀድሞው ትምህርት ቤት ተማሪዎቹ ያወጡላት ስም «ገባችሁ» ነበር። ፊት ለፊት «ቲቸር» ይሏታል፤ ከሩቅ ብቅ ስትል ግን በር ላይ የሚጠብቀው ልጅ «ገባችሁ መጣች!» ብሎ ሲጮህ ክፍሉ በሙሉ እየተጋፋ ወንበሩን ይይዛል። ስሙ ያለ ምክንያት አልወጣላትም። ሦስት ዓረፍተ ነገር ተናግራ አንድ «ገባችሁ?» ጣል ካላደረገች አፏ አያርፍም። ባሏ በሕይወት ሳለ የቤቱን ቁልፍ የት እንዳስቀመጠች ስትነግረው እንኳ «ገባህ?» ትለው ነበር። እሱም ተጫዋች ሰው ነበርና «ገባኝ፤ ፈተናው መቼ ነው?» ይላታል።

ባሏ ከሞተ አምስት ዓመት ሆነው። ልጅ አልወለዱም። ሃያ ስድስት ዓመት ቆሞ ማስተማር ጉልበቷን ጨርሶት ሐኪሙ «ወይ ጉልበትሽን ወይ ሰሌዳሽን ምረጪ» ሲላት፣ ጊዜ ሳታጠፋ አንድ የኦንላይን ትምህርት ቤት ተቀጠረች። ሒሳብ፣ ሰባተኛ ክፍል፣ ሠላሳ አንድ ተማሪ፣ ከቤት ሳይወጡ። የሰማ ሁሉ «ተገላገልሽ!» አላት። እሷም የተገላገለች መስሏት ነበር።

የተከራየችው አንድ ክፍል ቤት ከጎሚስታ ቤት ጋር ግድግዳ ይጋራል። ጎማ የሚነፋው ሞተር ሲነሳ ብርጭቆዎቿ መደርደሪያው ላይ ይንቀጠቀጣሉ፤ ስለዚህ የጋራውን ግድግዳ በወፍራም ብርድ ልብስ ሸፈነችው። ካሜራው ከዓይኗ ትክክል እንዲሆን ላፕቶፑን በአራት የድሮ መማሪያ መጻሕፍት ላይ አስቀመጠች። ጠዋት ጠዋት ፀጉሯን አበጥራ፣ ሸሚዟን ተኩሳ፣ የጫማዋን ክር አስራ ትቀመጣለች። ጫማዋን የሚያይ እንደሌለ ታውቃለች፤ ነገር ግን አንድ ቀን በነጠላ ጫማ ሆና ለማስተማር ሞክራ ክፍልፋዩ ሁሉ ጠፍቶባታል።

ስክሪኑ ላይ የሚጠብቋት ሠላሳ አንድ ጥቁር ሳጥኖች ናቸው። በየሳጥኑ ሥር ስም ተጽፏል፤ ፊት የለም። ኔትወርኩ ካሜራ አይችልም ተብሎ ሁሉም አጥፍተዋል። ማይካቸውም ዝግ ነው፤ አለዚያ የሠላሳ አንድ ቤት ድስትና ቴሌቪዥን አንድ ላይ ይንጫጫል። በዚያ ሁሉ መካከል የሚታየው ፊት አንድ ብቻ ነው፤ እሱም የራሷ፣ ጥግ ላይ። በዚያ ዓመት ከማንም ሰው ፊት ይልቅ የራሷን ፊት አየች፤ ብዙም አልወደደችውም።

የሚያጽናናት አንድ ነገር ነበር። ታስረዳና «ገባችሁ?» ትላለች። ጥቂት ሰከንድ ሳይቆይ ከታች በጽሑፍ «ገባን ቲቸር» የሚል ይመጣል። የምትጽፈው የክፍሉ አለቃ ነበረች፤ ቁጥብ፣ ሰዓት የማታዛንፍ ልጅ። በቀድሞው ክፍል አንዱ ራሱን ያካል፣ አንዷ ሳታዳምጥ ቶሎ ቶሎ ራሷን ትነቀንቃለች፣ አንዱ በመስኮት ወፍ ይቆጥራል፤ መግባት አለመግባቱን ከፊታቸው ታነበው ነበር። እዚህ የቀረላት ያቺ አንዲት ቃል ናት። በአንድ ክፍለ ጊዜ አሥራ አንድ ጊዜ «ገባን» የተባለችበት ቀን ነበር። ያን ቀን ትምህርቱ አልቆ ሳጥኖቹ አንድ በአንድ ሲጠፉ፣ ማዳመጫውን ከጆሮዋ ሳታወልቅ ቁጭ ብላ ቀረች። ቤቱ ጭር አለ። እስከ ማግስቱ ጠዋት የሚያናግራት ሰው እንደሌለ ታውቃለች፤ ቢሆንም ሠላሳ አንድ ልጆች የነገረቻቸው ገብቷቸው ወደየሥራቸው ሄደዋል። ይህን እያሰበች ዳቦዋን በሻይ በላች።

አንድ ቀን ጎሚስታው የተዋሰውን መሰላል ሊመልስ መጥቶ በሩ ላይ አመነታ።

«እትዬ፣ እንዳይቀየሙኝ» አላት፣ የጠቆረ እጁን በጨርቅ እየጠረገ። «ብቻዎን ሲያወሩ እሰማለሁ። ደህና ነዎት?»

«እያስተማርኩ ነዋ!»

«እሱስ ይሁን። የሚመልስልዎት ሰው ግን ሰምቼ አላውቅም።»

«በጽሑፍ ነው የሚመልሱልኝ» አለችው ቆጣ ብላ።

«እሺ፣ እሺ» ብሎ ሄደ። ለታመመ ሰው የሚባል ዓይነት «እሺ» ነበር። ቀኑን ሙሉ ሲከነክናት ዋለ።

የአጋማሹ ፈተና የተሰጠው በአካል ነበር። ትምህርት ቤቱ አዳራሽ ተከራይቶ ልጆቹን ከወረቀትና ከእርሳስ ጋር አፋጠጣቸው፤ ፈታኞቹም ሌሎች ሰዎች ነበሩ። የቤት ሥራቸው ሁልጊዜ እንከን አልነበረውም፤ ለካ አንዳንዱን የሠራው ስልክ ነው፣ አንዳንዱን ታላቅ እህት። አዳራሹ ውስጥ ጉዳቸው ወጣ። ከሠላሳ አንዱ ከግማሽ በላይ ያገኙት አራት ልጆች ናቸው። ወረቀቶቹ ቤቷ ሲደርሱ መጀመሪያ የሌላ ክፍል መስለዋት ነበር። ግማሽ ሲደመር አንድ ሦስተኛ፣ መልስ፦ ሁለት አምስተኛ። ላይኛውን ከላይኛው፣ ታችኛውን ከታችኛው ዓይናቸውን ጨፍነው ደምረውታል። ግማሽ ዳቦ ላይ ሲሶ ሲጨመርበት ከግማሽ ያነሰ ዳቦ ሆነ ማለት ነው። ሁለት ወር ሙሉ እንዲህ አይደመርም እያለች የለፈለፈችው ይህንኑ ነበር።

የትምህርት ቤቱ አስተባባሪ የዛሬ አሥራ አምስት ዓመት የፊት ወንበር ላይ አስቀምጣ ያስተማረችው ልጅ ነው። ሲደውልላት ድምፁ ዛሬም የቤት ሥራውን እንዳልሠራ ተማሪ ይለሰልሳል።

«ቲቸር፣ እንዴት ብዬ ልንገርዎት... ከበላይ ተቆጥተዋል። ቀጥታ ትምህርቱን ዘግተን የተቀረጸ ቪዲዮ እንልቀቅላቸው እያሉ ነው።»

«እኔስ?»

«እርስዎማ... ፈተና ያርማሉ።»

ወንበሩ ላይ ዘፍ አለች። ያቺ ክፍል ከተዘጋች ከሰው ጋር አንድ ቃል ሳትለዋወጥ ሳምንት እንደሚያልፍ ወለል ብሎ ታያት። ወረቀት ታርማለች፤ ወረቀት ደግሞ «ቲቸር» ብሎ አይጠራም።

«ሁለት ሳምንት ስጠኝ» አለችው። «ከዚያ እንደገና ፈትናቸው። ከግማሽ በላይ ልጅ ካላለፈ እኔው ራሴ እዘጋዋለሁ።»

ሁለት ሳምንት ሰጣት። መጀመሪያ የደወለችው ለክፍሉ አለቃ ነው፤ ደሟ ፈልቶ ነበር።

«ገባን፣ ገባን ስትዪኝ አልከረምሽም? ምኑ ነው የገባችሁ?»

 ከወዲያ ማዶ ቀጭን ድምፅ መጣ፦ «ቲቸር፣ ገብተን ነበር እኮ።»

«የት ገብታችሁ?»

«ክፍል ነዋ! ኔትወርኩ እየተቆራረጠ ያስወጣናል፤ ተመልሰን እንገባለን። አስተባባሪው በመጀመሪያው ቀን ‹ቲቸር ገባችሁ ወይ ካሉ፣ ሁሉም መግባቱን ቆጥረሽ መልሺላቸው› ብለውኛል። እኔም ሠላሳ አንዱን ቆጥሬ ነው የምጽፈው። አንድ ሰው ከጎደለ እስኪገባ ጠብቄ ነው።»

«ትምህርቱስ? ትምህርቱ ገብቷችሁ እንደሆነ የምጠይቅ አልመሰለሽም?»

«እሱንማ ጠይቀውን አያውቁም» አለች ልጅቷ፤ ቅር ያላት ትመስል ነበር።

አስተማሪዋ ስልኩን ከጆሮዋ አራቀችው። ሃያ ስድስት ዓመት ያገለገለቻት ቃል አፏ ውስጥ እንዳለች ሁለት ሆና ተገኘች። መጀመሪያ ሳቋ መጣ፤ ጎሚስታው ሞተሩን አጥፍቶ እስኪያዳምጥ ድረስ ሳቀች። ሳቁ ሲያልቅ እንባ ሆነ። የልጆቹ መውደቅ አሳፍሯታል፤ ይበልጥ ያንገበገባት ግን ሌላ ነበር። ሁለት ወር ሙሉ ከሰው ጋር ስትነጋገር የከረመች መስሏት፣ ለካ በር ላይ ቆማ ሰው ስታስቆጥር ኖሯል።

«ቲቸር? አሉ?»

«አለሁ። እስቲ ግማሽና ሲሶ እንዴት እንደሚደመሩ አስረጂኝ።»

«እኔ ነኝ የማስረዳዎት?»

«አንቺ።»

ልጅቷ «ግማሽ... ሲሶ...» ብላ ጀምራ ተወችው። ከዚያ በጣም ቀስ ብላ «አልገባኝም፣ ቲቸር» አለች። ያን ዓመት ከተማሪ አፍ የሰማችው የመጀመሪያው እውነት ይህ ነበር።

በሁለቱ ሳምንታት ውስጥ ከሰዓት በኋላ እየጠበቀች ሠላሳ አንዱም ቤት ደወለች። የምትደውለው ለማስረዳት ሳይሆን «አስረዳኝ» ለማለት ነው። ልጁ ሲናገር የት ጋ እንደሚሰናከል ትሰማለች፤ እዚያው ላይ ታቆመውና አንዲት ጥያቄ ትጠይቀዋለች፤ መልሱ እስኪመጣ ምላሷን ነክሳ ትጠብቃለች። መጠበቁ ከባድ ነበር፤ ለአስተማሪ ዝምታ እሳት ነው። ጥቁር የነበሩት ሳጥኖች ግን ድምፅ አወጡ። አንዱ ሲያስብ ያፏጫል። አንዷ ታናሽ ወንድሟን በሌላው እጇ አቅፋ ነው የምትማረው። አንዱ ኮልታፋ ነው፤ በጽሑፍ ይህን ማን ያውቃል? አንዱን ደግሞ ዳቦ ለስድስት ቆርሶ እንዲቆጥር ብትነግረው፣ ቆርሶ ሲያበቃ በላውና «አሁን ስንት ቀረ ልበል?» አላት።

ጠዋት ክፍል ውስጥም ወጓን ቀየረች፤ ማዳመጫውንም አውልቃ ተወችው። አሥር ደቂቃ ታስረዳና አፏን ትዘጋለች። ማይክ በተራ ይከፈታል፤ አንዱ ለሌላው ያስረዳል። የተሳሳተ ሲኖር እሷ አታርመውም፤ «ማን ይጠይቀው?» ትላለች። መልሱን ደብተር ላይ በትልቁ ይጽፉና ካሜራቸውን ለአፍታ ከፍተው ያሳያሉ፤ ከደብተሩ ኋላ የአንዱ ግማሽ ግንባር፣ የአንዷ ጉትቻ ብቅ ይላል። የድሮዋ ቃል አንዳንዴ ታመልጣታለች። ያን ጊዜ ሠላሳ አንድ ማይክ በአንዴ ይከፈትና «ገብተናል፣ ግን አልገባንም!» እያሉ ያውካሉ። አንድ ቀን ጎሚስታው በር ላይ አግኝቷት «እትዬ፣ እንግዳ በዝቶብዎታል ልበል?» አላት።

በድጋሚው ፈተና ሃያ ስድስት ልጆች አለፉ። አስተባባሪው በስልክ መንገር አልሆነለትም፤ ራሱ ቤቷ ድረስ መጣ። ያለው ወንበር አንድ ነውና አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠ።

«ቲቸር፣ አኮሩን!» አላት። «የበላዮቹ ተደንቀዋል። የእርስዎን ትምህርት ቀርጸን ለስድስት መቶውም የሰባተኛ ክፍል ተማሪ እንልቀቀው ብለዋል። ከእንግዲህ በየቀኑ መልፋት የለም። አንዴ ይቀረጻሉ፣ በቃ፣ ያርፋሉ።»

«ሠላሳ አንዱስ?»

«እነሱም ቪዲዮውን ያያሉ።»

 ብትወድቅ ክፍሏን ሊወስዱባት ነበር፤ አለፈች፣ ወሰዱባት። ሒሳብ ስታስተምር ኖራ እንዲህ ያለ ሒሳብ አጋጥሟት አያውቅም።

«ማስረዳቱንማ ሁለት ወር ሙሉ አስረድቼ ወድቀዋል» አለችው። «ያለፉት ስሰማቸው ነው።»

«እኔ ይገባኛል፤ ውሳኔው ግን በእኔ እጅ አይደለም።» አንገቱን ደፋ።

«እንግዲያው አንድ ነገር ታደርግልኛለህ። ቪዲዮው ሥር የስልክ ቁጥሬን ትጽፍልኛለህ።»

«ስድስት መቶ ልጅ እኮ ነው ቲቸር! ስድስት መቶ! አንድ ደቂቃ ዕረፍት አያገኙም።»

«ከምን ሥራዬ ነው የማርፈው? ይደውሉ።»

 ቁጥሯን መዝግቦ ሄደ።

ቀረጻው ሦስት ቀን ፈጀ። ቀራጩ ደህና ልጅ ነበር፤ ግን ልማድ ሆኖባት ባቆመች ቁጥር «ይቀጥሉ፣ የሚመልስልዎት የለም» ይላታል። ቀጠለች።

የራሷ ክፍል ልጆች በመጀመሪያዎቹ ቀናት ደወሉ፤ የክፍሉ አለቃ ሁለት ጊዜ። ከዚያ ልጆች ናቸውና ለመዱት። ከስድስት መቶው ግን አንድም አልደወለም። ስልኩን ልብስ ስታጥብም ዳቦ ልትገዛ ስትወጣም ይዛው ትዞራለች፤ የሚሰማ ስለማይመስላት ድምፁን እስከ ጫፍ ከፍ አድርጋዋለች። አንድ ቀን ጠራ፤ የምዝገባ ቀን የሚጠይቁ አባት ነበሩ። ሌላ ቀን ጠራ፤ ተሳስተው ነው። ይቅርታ ጠይቀው ሊዘጉ ሲሉ «ምንም አይደል፣ ማንን ፈልገው ነበር?» ብላ ትንሽ አቆየቻቸው። ይህን በማድረጓ በኋላ አፈረች።

በሦስተኛው ሳምንት፣ ከሰዓት በኋላ፣ ጠራ።

«ሃሎ... ቪዲዮው ላይ ያሉት ቲቸር ነዎት?» የወንድ ልጅ ድምፅ ነው፤ ከዚያ በፊት ሰምታው አታውቅም።

«ነኝ።»

«በእውነት ሰው ነዎት?»

«እስካሁንስ ነኝ» አለችው። ልጁ ሳቀ። ከዚያ ፍርሃቱ ለቀቀውና ጥያቄውን አመጣ፤ የክፍልፋይ ማካፈል ነበር። ለምን አንዱ እንደሚገለበጥ ቪዲዮውን ሦስት ጊዜ አይቶ ሊገባው አልቻለም።

«መጀመሪያ የምታውቀውን ንገረኝ» ብላ እርሳስ አነሳች።

ጥያቄው አሥር ደቂቃ አልፈጀም። ልጁ መልሱን ራሱ ደረሰበት፤ ሲደርስበትም «አሃ!» ያለው ድምፅ ስልኩን አልፎ ቤቷን ሞላው። አሁን ስልኩ መዘጋት እንዳለበት ታውቃለች። አልዘጋችውም። ሲማር የት እንደሚቀመጥ ጠየቀችው። መኝታ ክፍል፣ መሬት ላይ፣ ጀርባውን ለቁም ሳጥኑ ሰጥቶ። ብቻውን ነው? ብቻውን ነው፤ እናቱ ሥራ ናት፣ ወንድም የለውም። ሲከብደው ማንን ይጠይቃል? ማንንም። ቪዲዮው ላይ ስታስረዳ አንዳንዴ ዝም ትላለች አይደል፣ ያን ጊዜ እሱ ድምፁን አውጥቶ እንደሚመልስላት ነገራት። ቀራጩ ያልቆረጣቸው ዝምታዎች እንዳሉ ያወቀችው ያኔ ነው። እሷም የጉልበቷን ነገር፣ የጎሚስታውን ሞተር ነገር ነገረችው። ልጁ ለመሄድ የቸኮለ አይመስልም። እንዲህ እያሉ አርባ ደቂቃ ሞላ።

ከልጁ ኋላ በር ሲከፈት ተሰማ፤ ከሥራ የገባች ሴት ድምፅ።

«ከማን ጋር ነው ይሄን ያህል የምታወራው?»

አስተማሪዋ ስልኩን ከጆሮዋ ጋር አጣበቀችው። አንድም ቀን ክፍሏ ገብቶ የማያውቅ ልጅ ነው፤ ምን እንደሚል አታውቅም።

ልጁ ስልኩን ከአፉ ሳያርቅ «ከቲቸሬ ጋር!» አለ።