ለሁለቱም ቤት ያለቀሱት እትየ ስንዱ

አክስቴ እትየ ስንዱ ሮቢት በሚገኘው ቤታቸው ዐርፈዋል። ከጎብዬ እስከ ዋጃ ላላችሁ፣ ሙሾ ሲያወርዱ ለሰማችኋቸውና አብራችኋቸው ላለቀሳችሁ ሁሉ ይህን መርዶ የምነግራችሁ እየከበደኝ ነው። ለሰርግ የሚጠራቸው አልነበረም፤ ለለቅሶ ግን ባጃጅ ይላክላቸው ነበር። «እኔን ሲያዩ መልአከ ሞት የመጣ ይመስላቸዋል» እያሉ ይስቁ ነበር።

ጦርነቱ በአካባቢያችን ባለፈ ጊዜ ብዙ ሰው ሳይለቀስለት ተቀበረ። ታጣቂዎቹ ጩኸት ስለከለከሉ እናቶች የሚያለቅሱት ነጠላቸውን አፋቸው ውስጥ ወትፈው ነበር። መንገዱ ሲከፈት እትየ ስንዱ ቤት ለቤት መዞር ጀመሩ። እንደገቡ ሙሾ አያወርዱም። መጀመሪያ ቁጭ ብለው ይጠይቃሉ፦ «ምን ይወድ ነበር? ሲቆጣ ምን ይል ነበር? በሬዎቹን ምን ብሎ ይጠራቸው ነበር?» ቤተሰቡ እየተናገረ ሳለ ለቅሶው ራሱ ይመጣል።

እኛ ቤትም መጡ። ወንድሜ ግዛው ከቤት ተወስዶ ማሽላ ማሳ ዳር ነው የተገደለው። ቤቱን ለታጣቂዎቹ ያሳየው የጎረቤታችን የወይዘሮ ትርንጎ ልጅ ነው ይባል ነበር። እናቴ የእህቷን የእትየ ስንዱን እጅ ይዛ፣ «ስሙን አንሽልኝ፤ ማን እንዳስገደለው አገር ይስማ» አለቻቸው። በእኛ አካባቢ ገዳይ ወይም አስገዳይ በሙሾ በስሙ ከተጠራ፣ የሟች ወገን ደሙን ካልመለሰ ቀና ብሎ አይሄድም። እትየ ስንዱ ይህን ከማንም በላይ ያውቁታል። በወጣትነታቸው አንድን ገዳይ በስሙ ቢያነሡ የሟች ወንድም ከለቅሶው መሃል ተነሥቶ ጠመንጃውን ይዞ ወጣ፤ በማግስቱ ሌላ ለቅሶ ሆነ።

«ዛሬ ስሙን ከጠራሁ ነገ የማለቅሰው ትርንጎ ቤት ነው» አሏት። «እውነቱ ይነገር፤ ግን በሽማግሌ ፊት፣ ልጁም ባለበት ይነገር።» ከዚያም ለገዛ እህታቸው ልጅ እንባቸው እየወረደ ሙሾ አወረዱ፦

«በሬው ተፈትቶ ሜዳ ላይ ቢያገሳ፣
ጌታውን ቢጣራ ጌታው አልተነሣ።»

እናቴ ፊቷን አዞረችባቸው።

ስሙ ባይጠራም ልጁ አልተረፈም። ከጥቂት ወራት በኋላ ተገድሎ ተገኘ። ወይዘሮ ትርንጎን ለቅሶ የደረሳቸው ሰው አልነበረም፤ እትየ ስንዱ ብቻቸውን ሄዱ። ሲመለሱ እናቴ በራችን ላይ ጠብቃ፣ «የልጄን ደም ረግጠሽ መጣሽ?» አለቻቸው።

«እኔ ዳኛ አይደለሁም፣ እህቴ። ጥፋቱ ይመርመር። እናቱን ግን አታልቅሽ ማለት አልችልም።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤታችን ገብተው አያውቁም። እኔም እስከ ዛሬ አልቆረጠልኝም፤ አንዳንድ ቀን ልክ ነበሩ እላለሁ፣ አንዳንድ ቀን ወንድሜ ትዝ ሲለኝ እናደድባቸዋለሁ።

በቀብራቸው ዕለት ሁለቱም ቤተሰቦች መጥተን ወዲህና ወዲያ ቆምን። ሙሾ የሚያወርድ ጠፋ። በመጨረሻ ወይዘሮ ትርንጎ ወደ መሃል ወጥተው አወረዱ፤ የሚቀበላቸው ግን አልነበረም። ድምፃቸው ሊቆረጥ ሲል ከእኛ በኩል አንዲት ሴት ተቀበለቻቸው። ዞር ብል እናቴ ናት። አጎቴ ይህን ሲያይ ጋቢውን ሰብስቦ ጥሎን ሄደ።

እትየ፣ እርቅ ወረደ ብዬ አልዋሽዎትም። ሽማግሌዎቹ ተቀምጠው ተቀምጠው ያለ ፍሬ ተነሥተዋል። የዚያን ልጅ ገዳይ የሚያውቅ ሰው በእኛ ወገን አለ፤ እስካሁን አልተናገረም። እናቴም ከቀብር ስንመለስ፣ «የተቀበልኩት ለእህቴ ብዬ ነው እንጂ ለትርንጎ ብዬ አይደለም» ብላ ተቆጣችኝ። ግዛው ከሞተ ወዲህ ጎረቤቷን «ያቺ ሴት» ከማለት በቀር በስሟ ጠርታት አታውቅም ነበር። ይህችን የተጠራች ስም ይዘው ይሂዱ፤ ሌላ የምልክዎት የለኝም።