አንድ ፕሪንተር ለሦስት ይሉኝታ

ፕሪንተሩን የገዛሁት ተከራይ ለመሳብ ነው። እዚህ ኡጋንዳ፣ ቡኮቶ ሰፈር ውስጥ ከአንድ የውበት ሳሎን በላይ፣ የአውሮፕላን ትኬት የምቆርጥበትና የቪዛ ማመልከቻ የማዘጋጅበት ቢሮ አለኝ። አከራዬ ኪራይ ሲጨምርብኝ ምርጫዬ ሁለት ነበር፤ ወይ ቢሮውን ዘግቼ ቤቴ ሶፋ ላይ መሥራት፣ ወይ ወለሉን በቺፑድ ከፋፍዬ ማከራየት። ሶፋውን ድሮ ሞክሬዋለሁ። እኔ ለደንበኛ ስለ በረራ ለውጥ ሳስረዳ ባለቤቴ ከጓዳ "ጨው የት ነው ያስቀመጥሽው?" እያለ ይጣራል። ደንበኛውም ይሰማል። ስለዚህ ቺፑዱን አስመታሁና በሩ ላይ በእንግሊዝኛ "ቢሮ ይከራያል፣ ኢንተርኔትና ፕሪንተር አለው" ብዬ ለጠፍኩ።

ሁለት ሰዎች መጡ። አንደኛው ከኪኩቦ የጅምላ ሱቆች ዕቃ እያስጫኑ ወደ ጁባ የሚልኩ ኤርትራዊ ሽማግሌ ናቸው። እኔ ጋሼ እላቸዋለሁ፤ እሳቸው ጓለይ ይሉኛል፣ በትግርኛ ልጄ ማለታቸው ነው። ሁለተኛዋ የትናንሽ ሱቆችን የግብር ሥራ የምትሠራ ኡጋንዳዊት ወጣት ናት። ጋሼን ጃጃ ትላቸዋለች፣ አያቴ እንደ ማለት። ሁለቱም "ለሦስት ወር እንሞክረው" ብለው ገቡ። ሦስት ወር ቆይተው ካልተመቻቸው ወጡ ማለት ነው፤ እነሱ ከወጡ ደግሞ እኔ ሶፋው ላይ ነኝ።

ፕሪንተሩን ከሦስቱም ክፍል ጋር ያገናኘሁት ራሴ ነኝ። ባለሙያ ጠርቶ "መንገድ ላይ ነኝ" እየተባሉ መዋል አልችልም፤ ቶሎ ቱግ የምል ሰው ነኝ። እኔ ክፍል ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩት፣ በኬብል ከኢንተርኔቱ ሳጥን ከራውተሩ ጋር አያያዝኩት፣ በየኮምፒውተሩ እየዞርኩ ማተሚያ ፕሮግራሙን፣ ድራይቨሩን፣ ጫንኩ። ሠራ። ጮቤ ረገጥኩ። ከሰዓት በኋላ መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ግን ሦስቱም ኮምፒውተሮች ፕሪንተር የሚባል ነገር አናውቅም አሉ።

እዚያ ሳጥን ላይ የወረወርኩትን ስድብ ጋሼ በቺፑዱ በኩል ሰምተው "ጓለይ፣ ከማን ጋር ነው?" አሉ። ነገሩ ሲገባኝ ቀላል ነበር። ራውተሩ መብራት ጠፍቶ በመጣ ቁጥር ለፕሪንተሩ አዲስ አድራሻ ይሰጠዋል፤ ኮምፒውተሮቹ ደግሞ የድሮ ቤቱ ድረስ ሄደው አንኳኩተው "ሰው የለም" ብለው ይመለሳሉ። ራውተሩ ውስጥ ገብቼ አንድ ቋሚ አድራሻ ለእሱ ብቻ ያዝኩለትና ችግሩ አለቀ። ከሦስቱም ክፍል የሙከራ ገጽ ታተመ፣ ልጅቷ አጨበጨበች፣ ጋሼ "ይባርከው" አሉ።

ከዚያ በኋላ ፕሪንተሩ ዝም አለ።

ሰላም ነው፣ መብራቱ አረንጓዴ ነው፣ ግን ማንም አያዘውም። አንድ ሳምንት ጠበቅኩ። ኔትወርኩ ይሆናል ብዬ ኬብሉን ቀየርኩ። ድራይቨሩን አጥፍቼ እንደገና ጫንኩ። የጋሼን ኮምፒውተር የያዘው የቫይረስ መከላከያ ፕሮግራሙ ይሆናል ብዬ እሱንም ነካካሁ። የሙከራ ገጹ ሁልጊዜ ጥርት ብሎ ይወጣል። "ይሠራል አይደል?" ስላቸው "በደንብ ነው እንጂ!" ይላሉ። በማግስቱ ጠዋት ግን ጋሼ ብብታቸው ሥር አዲስ የታተመ ወረቀት ይዘው ይገባሉ። የት እንዳሳተሙት አልጠይቅም፤ ለመጠየቅ አፈርኩ። አንድ ቀን ደግሞ ስልክ ላይ "ኪኩቦ ያለው ክፍል" ሲሉ በቺፑዱ በኩል ሰማሁ። በቃ፣ ሊሄዱ ነው አልኩ። እሳቸው ከሄዱ ልጅቷ ለምን ትቆያለች?

እኔም ብሆን ብዙ አላትምም ነበር። ትኬቱን ለደንበኛ በስልክ እልካለሁ፤ ለማተም ስነሳ ደግሞ እነሱ ሳይጠቀሙበት እኔ የማሽኑ ባለቤት ቀድሜ ሳንጫጫው ነውር ይመስለኛል። ማሽኑ ለእነሱ ነፃ ይሁን ብዬ እተወዋለሁ። እንዲህ ማሰቤን ሰው ቢሰማ አብዳለች ይላል፤ እኔ ግን የምሬን ነበር።

አንድ ጠዋት የአንድ ቤተሰብ የቪዛ ወረቀት ብዙ ገጽ ሆኖ መጣ። ጋሼ ያን ቀን ጭነት እንዳላቸው አውቅ ነበር፤ ማሽኑን እንዳልይዝባቸው ብዬ ፍላሼን ይዤ መንገዱን ተሻገርኩና ከሮሌክስ ጠባሹ ጎን ያለው ፎቶ ኮፒ ቤት ገባሁ። ሮሌክስ እዚህ ሰዓት አይደለም፣ በቻፓቲ ቂጣ የተጠቀለለ እንቁላል ነው፤ ሽታው ከበር ይቀበላል። ቀና ስል ጋሼ ፍላሻቸውን በጣታቸው ይዘው ተሰልፈዋል። ከፊታቸው ባንኮኒው ላይ ልጅቷ የታተመላትን እየቆጠረች ነው።

ሦስታችንም ተያየን። ጋሼ ፍላሹን ኪሳቸው ከተቱት።

"እዚህ ምን ይሠራሉ?" አልኩ፣ ድምፄ ከፍ ብሎ።

"አንቺስ?" አሉኝ።

ይበልጥ ተናደድኩ። "ጋሼ፣ ያን ሁሉ ኬብል የዘረጋሁት ለማን ነው? ማሽኑን አላመኑትም? ወይስ እኔን ነው?"

"ጓለይ፣ ምን ነካሽ? ሰው ክፍል ገብቼ ወረቀትሽን ልጨርስ? ቀለምሽን ላደርቅ? አንቺ ደንበኛ ይዘሽ ቁጭ ብለሽ እኔ በላይሽ ላይ ግር ግር ላደርግ?"

ወደ ልጅቷ ዞርኩ። አንገቷን ደፍታ፣ ጃጃ ሽማግሌ ሆነው በፀሐይ መንገድ ተሻግረው እያሳተሙ እሷ ልጅ ሆና እንዴት ቀድማቸው እንደምትጠቀም ጠየቀችኝ። የምሯን ነው። ባለ ፎቶ ኮፒ ቤቱ አንዴ እኔን አንዴ እነሱን ያያል። ሳቄ መጣ፤ ጋሼም አልቻሉም፣ ባንኮኒውን ተደግፈው ሳቁ። ከሰው ሁሉ ጋር ሲቀልዱ ሳይ ቆይቼ ከእኔ ጋር እንዲያ ሲስቁ ያየሁት የዚያን ቀን ነው።

"ከዛሬ ጀምሮ የራሳችሁ ነው፣ እባካችሁ" አልኩ። "እሺ" አሉ ሁለቱም። እሺ ምን ማለት እንደሆነ የኛ ሰው ያውቀዋል። በማግስቱ በሬ ተንኳኳና ጋሼ ገቡ፤ እጃቸው ላይ አንድ ነጭ ወረቀት ይዘዋል። አንድ ገጽ ሊያትሙ ነው፤ ወረቀቱን ከሱቅ ገዝተው መጥተዋል። ፕሪንተሩ ውስጥ በጥንቃቄ ከተቱት፣ ክፍላቸው ተመልሰው አዘዙት፣ እንደገና አንኳኩተው ወሰዱት፣ "ተቸገርሽ" ብለውኝ ወጡ።

ያኔ ነው የነቃሁት። ችግሩ አድራሻው ነበር፤ ግን ራውተሩ የሚሰጠው አድራሻ አይደለም። ማሽኑ እኔ ክፍል እስካለ ድረስ እኔ ባለቤት ነኝ፣ እነሱ እንግዳ ናቸው፤ እንግዳ ደግሞ የሰው ዕቃ እንደ ልቡ አይነካም። ወደ ጋሼ ክፍል ሄድኩ። "ጋሼ፣ የእኔ ክፍል ጠበበኝ፤ ደንበኛ እየገፋው ሊጥልብኝ ነው። ፕሪንተሩን እርስዎ ዘንድ ባስቀምጠው ያስቸግርዎታል?"

ፊታቸው ተለወጠ። "ምን ማለትሽ ነው? ይምጣ እንጂ!"

ከተማ ወርጄ ረጅም ኬብል ገዛሁ፣ በግድግዳው ጥግ ጥጉን በምስማር እያያዝኩ ወደ እሳቸው ክፍል አስገባሁት። አድራሻው ቋሚ ስለነበር ኮምፒውተሮቹ ቤት መቀየሩን እንኳን አላወቁም። ጋሼ ግን መስኮቱ ሥር ጥሩውን ጠረጴዛ አጽድተው፣ ጨርቅ አንጥፈው፣ አቧራ እንዳይነካው ከላይ ሌላ ጨርቅ አዘጋጅተው ጠበቁት።

ከዚያ ወዲያ የሆነውን ሳስበው አሁንም ያስቀኛል። ማሽኑ እረፍት አጣ። ጋሼ እንደ ልባቸው ያትማሉ፣ ቤታቸው ነዋ። እኔ አንድ ገጽ ብልክ ሁለት አትመው ይጠብቁኛል፤ "ለደንበኛሽ አንድ ብቻ ትሰጫለሽ? አንድ ይጨመር" ይላሉ። ወረቀት ገዝቼ ስመጣ ተቆጡኝ፤ "በእኔ ክፍል?" አሉ። ልጅቷ ወረቀቷን ልትወስድ ስትገባ እንደ አገሯ ወግ በጉልበቷ ዝቅ ብላ ሰላም ትላቸዋለች፤ እሳቸው ገጾቹን አስተካክለው፣ በስቴፕለር መትተው በሁለት እጃቸው ያቀብሏታል፣ ሻይ ሳትጠጣም አትወጣም። ሥራዬን ጥዬ የማያስፈልገኝን ገጽ ያተምኩበት ቀን አለ፤ ሻይ አምሮኝ ነው።

ሦስት ወሩ ሲሞላ ጋሼ አስጠሩኝ። "ጓለይ፣ የምነግርሽ ነገር አለ" አሉ። የኪኩቦው ስልክ ትዝ አለኝ። ደስ ብሏቸው እንዲሄዱ በፈገግታ ልሸኛቸው ብዬ ነበር የገባሁት፤ እንባዬ ግን ቀድሞኝ ነበር። እሳቸው በመካከላችን ያለውን ቺፑድ በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉት።

"እዚህ ጋ በር ብናስወጣ ምን ይመስልሻል? ወረቀት ለመውሰድ በኮሪደር ዞረሽ እንደ ባዳ ስታንኳኪ ደስ አይለኝም።"

"ኪኩቦ ያለው ክፍልስ?" አመለጠኝ።

"እሱ ለዕቃ ማከማቻ ነው እንጂ ሰው ይቀመጥበታል?"

አናጺ ጠራን። ግማሽ ቀን ሲቆርጥና ሲልግ ዋለ። በሩን ገጥሞ ሲጨርስ መቀርቀሪያ ከሣጥኑ አወጣና በየትኛው ወገን እንደሚመታው ጠየቀን። ጋሼ "በእሷ በኩል" አሉ። እኔ "በእሳቸው በኩል" አልኩ። "በጭራሽ" አሉ። "አይሆንም" አልኩ። አናጺው መቀርቀሪያውን ይዞ ተራ በተራ ሲያየን ቆየ፤ በመጨረሻ ወደ ሣጥኑ መለሰውና ዕቃውን ሰብስቦ ሄደ። በሩ እስካሁን መቀርቀሪያ የለውም።