ሽማግሌ ያልመለሰው ትሬድ

የልጅ ልጄ ቅርጫት ኳስ ትጫወታለች። ቁመቷ ከእኔ ካለፈ ቆይቷል። በሰፈራችን በፋልከንሪጅ ልጆች ቡድን ውስጥ ከቅርጫቱ ሥር የምትቆመው እሷ ነበረች፤ የተሳተውን ኳስ ከላይ ለቅማ ለጓደኞቿ ታቀብላለች። እኔ ከጨዋታው የማውቀው ይህንኑ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ በመኪና አደርሳትና ከላይ ከተመልካቹ ወንበር ተቀምጬ አያለሁ።

ዘንድሮ ዊንተሩ ሲገባ አሰልጣኟ ከጎረቤት ሰፈር ከሬድስቶን ቡድን ጋር ትሬድ አደረጋት። እሷን ሰጥቶ አንዲት አጭር፣ እግሯ መሬት የማይነካ ፈጣን ልጅ ወሰደ። ሁለቱም አሰልጣኞች እዚሁ ስደት አገር ያደጉ የእኛው የሐበሻ ልጆች ናቸው፤ ለሁለቱም ቡድን ይበጃል ብለው ነው።

አልበጀም። ፋልከንሪጆች አሁን ኳስ እያነጠሩ የሚሮጡ ሞልተዋቸዋል፤ ሲስቱ ግን ከሥር የሚለቅም የለም። ሬድስቶኖች ደግሞ ድሮም አንዲት ረጅም ልጅ ነበረቻቸው። የእኔዋ ስትጨመር ሁለቱ አንድ ቦታ ላይ ይጋፋሉ፤ ኳሱን የምታደርስላቸው ያቺ ፈጣን ልጅ ደግሞ ሄዳለች። ቀስ በቀስ የእኔዋ አግዳሚ ወንበር ላይ ቀረች። ቤት ስትመጣ እህል አይወርድላትም። አንድ ማታ፣ "ልተወው ነው" አለች።

እኔ የማውቀው መላ አንድ ነው፤ ሽማግሌ መላክ። ሁለት የቤተ ክርስቲያን ጓደኞቼን ይዤ ሁለቱም ቡድን ወደሚለማመዱበት ጂም ሄድኩና ልምምዱ ሲያልቅ ሁለቱን አሰልጣኞች ጠራናቸው። ጨዋ ልጆች ናቸው፤ ወንበር ስበው አስቀመጡን።

"ማን ማንን በደለ?" ብሎ ጀመረ ትልቁ ሽማግሌ።

"ኧረ ጋሼ፣ ማንም አልበደለም" አለ የፋልከንሪጁ። "ትሬድ ነው፤ ፌር ነው ብለን ተስማማን።"

"ታዲያ መልሱታ!"

"ሲዝኑ እስኪያልቅ አይመለስም፣ ሩሉ ነው። እውነቴን ነው፣ እኔም ሪባውንድ የሚያደርግልኝ፣ የተሳተ ኳስ የሚለቅምልኝ አጥቻለሁ።"

"እኔም ኳስ የሚያመጣልኝ አጣሁ" አለ የሬድስቶኑ።

"ሁለታችሁም ከስራችኋላ!" አለ ሌላው ሽማግሌ። "ጉድ እኮ ነው! በሉ ይቅር ተባባሉ።"

"ኧረ አልተጣላንም!" ተያይተው ሳቁ። እኛን ላለማሳፈር ግን ተነሥተው ተቃቀፉ፣ ጉልበታችንንም ሳሙ። ሽማግሌዎቹ መረቁ። ምርቃቱ አለቀ፣ የልጅ ልጄ ነገር ግን እንደነበረ ነው።

ሽምግልና የተጣላ ሰው ይፈልጋል። እነዚህ ልጆች ያሰቡት ለበጎ ነው፤ ሁለቱም ጎደለባቸው፤ የሚወቀስ የለም። ምኑን ይዤ ማንን ላስታርቅ?

የሚቀጥለው ቅዳሜ ጂሙ በር ላይ ፓርክ አደረግኩ። የልጅ ልጄ ግን አልወረደችም።

"አባባ፣ ደግሞ ሽማግሌ እንዳያመጡ፣ ፕሊስ። የቡድኔ ልጆች ሳቁብኝ።"

"አላመጣም፣ የእኔ ልጅ።"

"ባልገባስ? እርስዎ ምን ይላሉ?"

ግቢ እንዳልላት፣ ገብታ የምትሆነውን አውቃለሁ። ቅሪ እንዳልላት፣ ከሕፃንነቷ ጀምሮ የምትወደው ይህን ብቻ ነው። "አንቺ እንደወደድሽ" አልኳት።

በሩን ትንሽ አየችና ቦርሳዋን አንሥታ ወረደች። እኔም ተከትዬ ገብቼ ከላይ ተቀመጥኩ። ጨዋታው ተጀመረ። እሷ አግዳሚው ላይ ሆና የጫማዋን ማሰሪያ ፈታችና እንደገና አጥብቃ አሰረችው። ወደ ሜዳ የሚጠራት ግን አልነበረም።