የአባባ የርግቧ ተረት የተቋረጠ ዕለት

ገና ልጅ ሳለሁ በቤታችን የእናቴ ስም አይጠራም ነበር። አባቴ ደርግ ሲወድቅ ከጦሩ ተበትኖ ወደ መንዝ ተመለሰ፤ የተመለሰው ግን እናቴ ያገባችው ሰው አልነበረም። ዝም ይላል፣ ይቆጣል፣ ደግሞ ዝም ይላል። ዓመት ሳይሞላ በሽማግሌ ተፋቱ። እናቴ የትውልድ አገሯ መርሐቤቴ ስለሆነ ገደሉን ወርዳ ዘመዶቿ ዘንድ ሄደች። እኔ የአራት ዓመቷ ልጅ ከአባቴ ጋር በአያቴ ቤት ቀረሁ።

አያቴን አባባ ሽፈራው እንላቸው ነበር። ሸማኔ ናቸው፤ ቀኑን ሙሉ ከበግ ጠጉር ባና የሚባለውን ወፍራም ብርድ ልብስ ሲሠሩ ይውሉና ወደ ማታ ጋቢያቸውን ደርበው እሳቱ ዳር ይቀመጣሉ። ያኔ ቤታችን በጓሳ ሣር የተከደነ የድንጋይ ቤት ነበር። የኩበቱ ጭስ መውጫ አጥቶ ከጣሪያው ሥር ይንሳፈፋል፣ ኩራዙ ነፋስ በገባ ቁጥር ይርገበገባል፣ አክስቴ ዘነበች ግድግዳውን ተደግፋ ጠጉር ትፈትላለች፣ እኔም ፍሙ ፊት ጉልበቴን አቅፌ የአባባን አፍ እጠብቃለሁ። የጅቡንም የጦጣዋንም ተርተውልናል። የሚደጋግሙት ግን የርግቧን ነበር። አንዲት ርግብ ልጇን ጎጆ ውስጥ ትታ ወደ ቆላ ወረደች፤ ማሽላ በልታ ስትጠግብ መመለሻውን ረሳች፤ ጫጩቷንም አያቷ አሳደጓት። ያች ጫጩት እኔ እንደሆንኩ ማንም አልነገረኝም፤ ግን አውቅ ነበር። ርግቧን እጠላት ነበር።

ሦስተኛ ክፍልን ልጨርስ ጥቂት ሲቀረኝ መምህራችን መዝገብ ይዞ የወላጆቻችንን ስም ጠየቀን። የአባቴን ተናገርኩ። «የእናትሽስ?» አለኝ። ቆሜ ቀረሁ። ልጆቹ ሳቁ። እናቴን ስጠላት ኖሬ ስሟን እንኳ እንደማላውቅ ያስተዋልኩት ያን ጊዜ ነው።

የዚያኑ ዕለት ማታ አባባ የርግቧን ተረት ጀመሩ። ወደ ቆላ ስትወርድ አቋረጥኳቸው።

«አባባ፣ ርግቧ ስሟ ማን ነው?»

«ርግብ ስም የላትም፣ ልጄ።»

«እናቴስ?»

የአክስቴ እንዝርት ቆመ። አባባ በእንጨት ፍሙን ሲቆሰቁሱ ቆዩ።

«ጥሩወርቅ ትባላለች» አሉ። «ደግሞም አልረሳችሽም። ሦስት ጊዜ መጥታ ነበር። ሦስቱንም ጊዜ ከአጥሩ ውጭ የመለስኳት እኔ ነኝ። ልጅቷ ደብረ ብርሃን ዘመድ ጋ ናት አልኳት። አንቺ ያኔ ጓሮ ትጫወቺ ነበር።»

«ለምን?»

«ትወስድሽ መስሎኝ። አባትሽ ከጦር ሜዳ እንዲያ ሆኖ መጣ፤ አንቺም ከሄድሽ ይኼ ቤት ምን ይሆናል ብዬ ፈራሁ።»

አላለቀስኩም። ተነሥቼ ወደ መኝታዬ ሄድኩ፤ ከዚያ ማታ ጀምሮ ተረት ለመስማት እሳቱ ዳር አልተቀመጥኩም። ጠዋት ጠዋት ግን የሽመና ዕቃቸው አጠገብ እቆምና «መቼ ነው የምንሄደው?» እላቸዋለሁ። ክረምቱ ገብቶ ነበር። «ወንዙ ይጉደል» ይሉኛል። በማግስቱ ደግሜ እጠይቃለሁ። አክስቴ ተቆጣችኝ፤ አልተውኩም።

መስቀል እንዳለፈ አባቴን በጎች ሲያስገባ ጠብቄ «እናቴን ልጠይቃት ልሄድ ነው» አልኩት። ቀና ብሎ አየኝ።

«ማን ይወስድሻል?»

አባባ ከኋላዬ መጥተው ኖሯል። «የመለስኳት እኔ ነኝ፤ ልጅቷንም የማደርሳት እኔው ነኝ» አሉና ሁሉንም ነገሩት። አባቴ እናቴ መምጣቷን አያውቅም ነበር። በጎቹን ትቶ ወደ ሜዳው ሄደ። ጠዋት ስንነሣ ግን በቅሎዋን ጭኖ ደጅ አቁሞልን አገኘነው።

ሁለት ቀን ተጓዝን። ቁልቁለቱ ሲብስ አባባ ከበቅሎዋ ወርደው በዱላቸው እየተደገፉ በእግራቸው ሄዱ፤ ጉልበታቸው ሲንቀጠቀጥ እያየሁ እንመለስ አላልኩም። እሳቸውም አላሉም። ብርዱ ቀርቶ ሙቀት መጣ፣ ገብሱ ቀርቶ ማሽላ መጣ። ከመርሐቤቴዋ ዓለም ከተማ ወዲህ ካለች መንደር ስንደርስ አንዲት ቀጭን ሴት ደጇ ላይ እህል ታበጥር ነበር። አባባን ስታይ ሰፌዱን አስቀመጠች።

«ልጅሽን ይዤ መጥቻለሁ» አሉ፣ ባርኔጣቸውን አውልቀው። «ደብረ ብርሃን ናት ያልኩሽ ውሸት ነበር።»

በሩን ወለል አድርጋ ከፈተች። ከዚያ «ይግቡ፣ ደክሞዎታል» አለቻቸውና ውኃ አምጥታ እግራቸውን አጠበች። አጥባ ስትጨርስ ወደ እኔ ዞረች።

«አወቅሽኝ?»

«አላወቅኩሽም» አልኳት። «የመጣሁት ልጠይቅሽ ነው። ስትሄጂ ለምን ትተሽኝ ሄድሽ?»

«ሽማግሌዎቹ ልጅቷ ከአባቷ ቤት ትደግ አሉ። እኔም ማደሪያ አልነበረኝም። እሺ አልኩ።» እጇን በቀሚሷ አደረቀች። «እሺ ያልኩት እኔ ነኝ። በማንም አላሳብብም።»

በዚያ መልስ አልተደሰትኩም። ቢሆንም እውነት እንደሆነ ገባኝ፤ እውነት የሚነግረኝ ሰው ደግሞ ፈልጌ ነበር። ሌላ ባልና አንድ ትንሽ ልጅ ነበራት፤ በልጁ ቀናሁ። አሥር ቀን ሰንብቼ ስመለስ በየዓመቱ እንደምመጣ ነገርኳት፤ በየዓመቱም ሄድኩ። አኩርፌ የሄድኩበት ዓመት ነበር፣ ተጣልተን የተመለስኩበትም ነበር። «እማዬ» ያልኳት በአራተኛው ዓመት ነው፤ እሷም እንዳልሰማ ሰው ሥራዋን ቀጠለች።

አባባ ሲሞቱ እናቴ ዳገቱን ወጥታ ለቅሶ ደረሰች። ሰው ተንሾካሾከ። አባቴ ከመደቡ ተነሥቶ ቦታ ለቀቀላት፤ «ደህና ነሽ?» አላት፣ «እግዚአብሔር ይመስገን» አለችው። ከተፋቱ ወዲህ የተነጋገሩት ያን ጊዜ ነው። ማታ ላይ አባባን ይቅር ብላቸው እንደሆነ ጠየቅኳት። «ዋሽተውኛል» አለች። «በዚያ ጉልበታቸው ገደል ወርደው መጥተውም መዋሸታቸውን ነግረውኛል። ሁለቱንም አልረሳም።»

ዛሬ እኔም ከባሌ ተለያይቼ መሐል ሜዳ ከተማ ሁለት ልጆች አሳድጋለሁ። ከተረቶቹ ብዙዎቹ ከአእምሮዬ ጠፍተዋል፤ የአባባ ድምፅና የዚያ ማታ ዝምታ ግን አብረውኝ አሉ። ቅዳሜ ቅዳሜ ልጆቼን አጥቤ፣ ፀጉራቸውን አበጥሬ አባታቸው ዘንድ የማደርሳቸው እኔው ራሴ ነኝ። አንዳንድ ቀን ተናድጄ፣ ከንፈሬን ነክሼ ነው የምሄደው። አደርሳቸዋለሁ።