የልብስ ሰፊው ሚስትና የዳሌዋ ብረት

በልብስ ሰፊው ሚስት ዳሌ ውስጥ ያለው ብረት፣ ሴት ደንበኛ ወደ ሱቁ በቀረበች ቁጥር ይግላል ይባላል። ቆንጆ ከሆነችማ ይጮኻል። በዚህ የተነሳ የሰፈሩ ሴቶች ወገባቸውን ቤታቸው ለክተው ቁጥሩን በብጣሽ ወረቀት በመስኮት ይወረውራሉ አሉ።

እኔ ግን እጠራጠራለሁ። በብሎን የታሰረ ብረት ስለ ቁንጅና ምን ያውቃል?

ሴትዮዋ ከደረጃ ወድቃ የተሰበረው ዳሌዋ በብረት ከተጠገነ ወዲህ ያማታል። “አውጡልኝ!” ብትል፣ ቀዶ ሐኪሙ ራጁን አገላብጦ፣ “ብረቱ ደህና ነው፤ የሥነ ልቦና ባለሙያዋ አይተውዎት ወረቀት ካልጻፉ አልነካውም” አላት።

“አብደሻል ማለቱ ነው!” ብላ ባሏ ላይ ጮኸች።

“እኔ ምን አደረግሁ?”

“ዝም በል! ያቺን ባለ ሰማያዊ ቀሚስ አንድ ሰዓት ሙሉ ስትለካ አልነበርክም?”

“እናንተዬ! ወገቧ ሰፊ ነዋ!”

ባለሙያዋ ደብተር ሰጠቻት፤ ሲያማት ቀኑን፣ የምትሠራውንና ሕመሙ ከአሥር ስንት እንደሆነ እንድትጽፍ። ከሁለት ሳምንት በኋላ የመጣው ግን የዘበኛ መዝገብ ነው። “ማክሰኞ፦ ሰማያዊ ቀሚስ፤ ስምንት። ረቡዕ፦ ሁለቱ እህትማማቾች፤ ዘጠኝ። ሐሙስ፦ ሱቁ ዝግ፤ ዜሮ። ዓርብ፦ ይህች ሐኪም ባሌን ለብቻው ስታነጋግር፤ አሥራ አንድ።”

ባለሙያዋ ሳቋን ዋጥ አድርጋ፣ “ዓርብ ዕለት የት ነበሩ?” አለቻት።

“እዚሁ በር ላይ።”

“ቁጭ ብለው?”

“ቁጭ ተብሎ በቁልፍ ቀዳዳ ይታያል እንዴ? ጎንበስ ብዬ ነው እንጂ!”

“ሱቁ ውስጥስ?”

“ከመጋረጃው ጀርባ፣ ትንሿ ዱካ ላይ እጥፍጥፍ ብዬ። ከጠዋት እስከ ማታ።”

“እንግዲያው አላበዱም። ሕመምዎ የእውነት ነው፤ ጥፋቱ ግን የብረቱ ሳይሆን የመታጠፉ ነው። መቅናቱን ካልተዉት፣ ከፍ ያለ ወንበር ላይ ሆነው ይቅኑ።”

ለቀዶ ሐኪሙ በሚላከው ወረቀት ላይም ይኸው ተጻፈ፤ ከወንበሩ በቀር። ባሏ በዚያው ቀን፣ እያጉረመረመ፣ ረጅም ወንበር ሱቁ መሐል ተከለላት። በወሩ ሕመሙ ወደ ሁለት ወረደ፤ ብረቱ ይውጣልኝ ማለቷንም ተወች።

ትናንት ጎረቤቱ ጫማ ሰፊ ብቅ ብሎ፣ “እትዬ፣ ዛሬስ ብረቱ ስንቴ ጮኸ?” አላት።

ዓይኗን ከባሏ ሜትር ሳትነቅል፣ “ውሸት ነው!” አለች። “ብረቱ ግሎም ጮኾም አያውቅም። ሁሉንም ያየሁት በዓይኔ ነው። ወገቧን ቤቷ ለክታ ቁጥሩን የወረወረችም ሴት የለችም። ያ ቢሆንማ ምን ያስቀናኝ ነበር!”